«ደርሷል» ማለት «ተከፍቷል» ማለት አይደለም

«እማዬ፣ የሠርጉን ቪዲዮ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ስድስት ፋይል ነው። ስድስቱም ሲገቡ ነው የሚከፈተው።»

ልጅ ወይም ወንድም ባሕር ማዶ ያለው ቤተሰብ ለእንዲህ ዓይነቱ መልእክት እንግዳ አይደለም። ፋይሎቹ በሌሊት ፓኬጅ ሁለት ሦስት ቀን ፈጅተው ይወርዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ፋይል ሲነካ ስልኩ «መክፈት አልተቻለም» ይላል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከጎረቤት የተጠራው ወጣት አየት አድርጎ «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል። ስልኩም «ቦታ ሞልቷል» እያለ ስለሚነዘንዝ ፋይሎቹ እንዲጠፉ ይወሰናል። የሚያሳዝነው፣ ላኪው ልጅም «ደርሷል» መባሉን ሰምቶ የራሱን አጥፍቶ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ብልሽት ላይኖር ይችላል። የመጣው ቪዲዮ ሳይሆን የቪዲዮ እሽግ ነው፤ እሽግ ደግሞ ይፈታል እንጂ አይታይም። ያውም በስድስት የተቆረጠ እሽግ። ዳቦ ሲቆረስ እያንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ ነው። የእሽግ ቁራጭ ግን እንደ ተቀደደ የብር ኖት ነው፤ ግማሹን ይዘው ግማሽ ዕቃ አይገዙበትም።

ለምን ይቆረጣል?

መንገዱ ስለሚጠብ ነው። ቴሌግራም በነጻ ለሚጠቀም ሰው አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ብቻ ያሳልፋል፤ በፈረንጆች 2022 ለሚከፍሉ ደንበኞች ወሰኑ 4 ጊጋ ሆኗል። ዋትስአፕም በ2 ጊጋ ይቆማል። ጂሜይል ከኢሜይል ጋር የሚያያይዘው 25 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህ ጥቂት ጥሩ ፎቶዎች ማለት ነው። ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ 10 ጊጋ ቢሆን አያስገርምም። ስለዚህ ላኪው በኮምፒዩተሩ ያሽገውና መንገዱ በሚፈቅደው ልክ ይቆርጠዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በቴሌግራም አጭር ቪዲዮን እንደ «ቪዲዮ» መላክ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ጥራቱ ሊቀንስ ይችላል። እንደ «ፋይል» ሲላክ ነው እንዳለ የሚደርሰው። የሙሽራዋን አያት ፊት በትልቅ ቴሌቪዥን ማየት ለሚፈልግ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

መቆራረጡ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በፍሎፒ ዲስክ ዘመን ቢሮ የሠሩ ወላጆች ያስታውሱታል፤ አንዱ ዲስክ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ስለነበር አንድ ፕሮግራም ለመጫን «ሁለተኛውን ያስገቡ፣ ሦስተኛውን ያስገቡ» ሲባል ይዋል ነበር። ዛሬ በየስልካችን የምናየውን «ዚፕ» የሚለውን ስም ያመጣው ፊል ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ፕሮግራሙን ያወጣው በፈረንጆች 1989 ነበር። «ራር» የሩሲያዊው የዩጂን ሮሻል ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል የስሙ መነሻ ናት። በ1999 የወጣውና እስከ ዛሬ በነጻ የሚገኘው «ሰቨን ዚፕ» ደግሞ የሌላው ሩሲያዊ የኢጎር ፓቭሎቭ ነው።

ማሸግ ሁለት ሥራ በአንድ ነው። አንደኛው ብዙ ፋይሎችን በአንድ ከረጢት መክተት ነው። ሁለተኛው ማመቅ ነው። የድሮ ደብዳቤዎቻችንን ያስቡ። «ለጤናችሁ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» የሚለው ሰላምታ በመቶ ደብዳቤ ውስጥ መቶ ጊዜ ይገኛል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ጽፎ በሌላው ቦታ ሁሉ «እንደ ላይኛው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። አንባቢው ምንም አይጎድልበትም፣ ወረቀቱ ግን ያጥራል። የዚፕ ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የተደጋገመውን ወደ ኋላ እያመለከተ ያልፈዋል። የተቆረጠ እሽግ አንዱ ክፍል ብቻውን የማይረባውም በከፊል ለዚህ ነው፤ «እንደ ላይኛው» የሚለው ቃል ላይኛው ከሌለ ትርጉም የለውም።

ፎቶና ቪዲዮን ግን ስልኩ ወይም ካሜራው ገና ሲያነሳቸው አምቋቸዋል። ድጋሚ ቢያሽጓቸው የሚቀንሱት እምብዛም ነው። «ታሽጎ እንኳን ይሄ ሁሉ!» ብለው ልጅዎን አይውቀሱ፤ 10 ጊጋ ቪዲዮ ታሽጎም 10 ጊጋ ገደማ ነው።

ስሙን ያንብቡ፣ አይቀይሩት

የአብዛኛው ቤት ችግር እዚህ ላይ ነው። የተቆረጠ እሽግ ክፍሎቹን የሚያያይዘው ስማቸው ነው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ከፍቶ ሲጨርስ ሁለተኛውን በስሙ ይፈልገዋል። አባት «የሠርግ ቪዲዮ መጨረሻው» ብለው በጥሩ ሐሳብ ስሙን ከቀየሩት አያገኘውም።

ከነጥብ በኋላ ያለውን የስሙን ጅራት ይመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። ጅራቱ 001፣ 002፣ 003 እያለ የሚሄድ ከሆነ የሚነካው 001 ነው። «ፓርት1»፣ «ፓርት2» እያለ በ«ራር» የሚያልቅ ከሆነ የሚነካው «ፓርት1» ነው። አንዱ ብቻ «ራር» ሆኖ ሌሎቹ «አር00»፣ «አር01» ከሆኑ አሮጌው የራር አሠራር ነውና «ራር» የሚለውን ይንኩ። ሰውን ይበልጥ የሚያደናግረው አራተኛው ነው፤ «ዜድ01»፣ «ዜድ02» እያለ ሄዶ አንዱ ብቻ «ዚፕ» ይባላል። ይህ «ዚፕ» የሚባለው በእውነቱ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የሚከፈተው ግን በእርሱ ነው።

ኮምፒዩተርዎ ጅራቱን ደብቆት ከሆነ (ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ይደብቀዋል) በፎልደሩ ላይኛው «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብተው የፋይል ስም ኤክስቴንሽን እንዲያሳይ ያድርጉት።

አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲወርድ ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ በስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1 ቁጥር ይጨምርበታል። ሰው ልብ አይለውም፤ ፕሮግራሙ ግን «ሦስተኛው ክፍል የት አለ?» ብሎ ይቆማል። ቅንፉን ከነቁጥሩና ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር አጥፍቶ ስሙን እንደ ወንድሞቹ ማድረግ ይበቃል። ስም መቀየር የሚፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ስሞቹ ከተስተካከሉ በኋላ ሥራው አጭር ነው። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ግማሹ ፍላሽ ላይ፣ ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ ሆኖ አይሠራም። በኮምፒዩተር ላይ ሰቨን ዚፕ ይጫኑ፤ ራርንም ይፈታል። ዊንራርም ቢኖርዎት ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍል ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኤክስትራክት» የሚለውን ይምረጡ። ሌሎቹን አንድ በአንድ አይክፈቷቸው፤ ፕሮግራሙ ራሱ እየተከተለ ይፈታቸዋል። ዊንዶውስ አብሮት በሚመጣው የዚፕ መክፈቻ ግን ለተቆራረጠ እሽግ አይተማመኑ፤ «ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ነው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ዜድአርካይቨር ወይም ራር የሚባለው አፕ ይህንኑ ይሠራል። ቴሌግራም ውስጥ ግን ፋይሉ «ወረደ» ማለት ፎልደር ውስጥ ገባ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» ይበሉት፣ ስድስቱንም። አይፎን ያላችሁ ላፕቶፕ ብትፈልጉ ይሻላችኋል።

ቦታም ይቁጠሩ። እሽጉ 10 ጊጋ ከያዘ፣ ሲፈታ የሚወጣው ቪዲዮ ሌላ 10 ጊጋ ይፈልጋል፤ እሽጉ እየተፈታ አይጠፋምና። ቦታ አልቆ መሐል ላይ የቆመ ሥራም በብዙ ቤት «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሏል።

በእርግጥ ሲጎድል

ከመፍታትዎ በፊት መጠናቸውን ያስተያዩ። አንድን እሽግ የሚቆርጥ ፕሮግራም ሁሉንም እኩል ይቆርጣል፤ የመጨረሻው ብቻ ትርፍራፊ ስለሆነ ያንሳል። ስድስት ክፍል መጥቶልዎት አምስቱ 1.9 ጊጋ፣ ስድስተኛው 0.7 ቢሆን ጤናማ ነው። አራተኛው 1.3 ከሆነ ግን እርሱ ተቆርጦ ወርዷል፤ መብራት ሄዶ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ እርሱን ብቻ እንደገና ማውረድ ነው። ስድስቱንም ከመጀመሪያው ማውረድ የፓኬጅ ብክነት ነው።

መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ የተለወጠም አለ። ለዚህ እሽጉ የራሱ ጠባቂ አለው። የዕቁብ ጸሐፊ በየገጹ ግርጌ ድምሩን እንደሚጽፍ፣ አሻጊው ፕሮግራምም ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የተሰላ ቁጥር ይጽፋል። ሲፈታ እንደገና ያሰላና ያመሳክራል። ካልገጠመ «ሲአርሲ» የሚል ቃል ያለበት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ካዩ ፕሮግራሙን አይሳደቡ፤ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ አንብበው ያንን ክፍል ድጋሚ ያውርዱ። ከደካማ ፍላሽ የተገለበጠ ከሆነም በሌላ ፍላሽ ይሞክሩት።

አንድ ክፍል ጨርሶ ከሌለስ? እዚህ ላይ ነው ላኪው የራሱን ማጥፋቱ የሚያስቆጨው። ልጅዎ እሽጉን ካላጠፋ የጎደለውን ክፍል ብቻ ይልካል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እሽጉን አጥፍቶ ዋናውን ቪዲዮ ካስቀረ ግን ሦስተኛውን ክፍል ብቻ አዘጋጅቶ መላክ አስተማማኝ አይደለም። በሌላ ቀን፣ በሌላ ምርጫ የታሸገ እሽግ ሦስተኛ ክፍል ከበፊቱ ሁለተኛ ጋር ላይገጥም ይችላል። እንደገና አሽጎ ስድስቱንም ይላክ። ሁለቱም ከሌሉት የቀረው እርስዎ ጋር ያለው ነው።

ያም ቢሆን ለማጥፋት አይቸኩሉ። ራር ስለ እያንዳንዱ ፋይል የሚናገረውን መረጃ ከፋይሉ አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ አራተኛው ክፍል ቢጠፋ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ተጠናቀው ያሉ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ይወጣሉ። ዊንራር ሲፈታ «ኪፕ ብሮክን ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለው፤ እርሱን ካመለከቱበት የተጎዱትንም ሳያጠፋ ያስቀምጣቸዋል። ዚፕና ሰቨን ዚፕ ግን ማውጫቸው መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፍ ማውጫውን ከኋላ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የመጨረሻው ክፍል ከጎደለ ፕሮግራሙ በውስጡ ምን እንዳለ እንኳን ሊነግርዎት ይቸግረዋል። ከስድስቱ ትንሿ፣ 0.7 ጊጋ የነበረችው፣ «ይቺ ምን ታደርጋለች» ተብላ የምትጠፋው፣ ዋናዋ ልትሆን ትችላለች። አንድ ረጅም ቪዲዮ ብቻ የያዘ እሽግ ከሆነ ግን ግማሹ መውጣቱ ብዙም አይጠቅም፤ ቪዲዮው መጫወት እምቢ ሊል ይችላል።

ይህን ገጽ ለላኪው ያሳዩት

ውጭ ያለው ልጅ ጥቂት ነገር ቢያስተካክል የእናት ድካም በግማሽ ይቀንሳል። መጀመሪያ፣ ፎቶን ሁሉ በአንድ ትልቅ እሽግ ከትቶ መቆራረጥ ምን ያስፈልጋል? ክርስትናው ለብቻ፣ ምርቃቱ ለብቻ፣ የአባቱ ሙት ዓመት ለብቻ እየታሸገ እያንዳንዱ ከ2 ጊጋ በታች ቢሆን አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። እኔ ብጠየቅ መቆራረጥ ለአንድ ረጅም ቪዲዮ ብቻ ይቅር እላለሁ።

መቆራረጥ ግድ ከሆነ፣ ቪዲዮው ስለማይታመቅ በሰቨን ዚፕ «ስቶር» የሚለውን ይምረጥ፤ ማሸጉም መፍታቱም ይፈጥናል። መቁረጫውን በትክክል 2 ጊጋ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ 1900 ሜጋ ያድርገው። ከፋይሎቹ ጋር «በጠቅላላ 6 ክፍል ነው፣ የመጨረሻው 0.7 ጊጋ ነው» ብሎ በጽሑፍ ይላክ። ዊንራር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ «ሪከቨሪ ቮልዩም» የሚባል ተጨማሪ ክፍል ይሥራ። ይህ እንደ ተጠባባቂ ተጫዋች ነው፤ ከስድስቱ የትኛውም አንዱ ቢቀር ገብቶ ይተካዋል። ሁለት ተጠባባቂ ካለ ሁለት ይተካል። ለሁለት ጊጋ ትርፍ ዳታ የሚከፈለው ዋጋ የአያትን የመጨረሻ ምርቃት ከማጣት ጋር አይነጻጸርም።

የይለፍ ቃል ካደረገበት በዚያው በቴሌግራም አይላከው፤ ደውሎ ይንገር፣ እርስዎም የቤት ካርታና የልደት ሰርተፊኬት ከሚቀመጥበት ደብተር ላይ ይጻፉት። በእነዚህ ፕሮግራሞች በጠንካራ ቁልፍ የተቆለፈን እሽግ ቃሉ ከተረሳ ሠሪዎቹም አይከፍቱልዎትም።

ከማያውቁት ሰው የመጣ እሽግ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። «ዕቃ ተልኮልዎታል፣ ደረሰኙን ይክፈቱ» ብሎ የይለፍ ቃሉን አብሮ የሚልክ ካለ ይጠርጥሩ፤ በተቆለፈ እሽግ ውስጥ ያለውን ጸረ ቫይረስ ማየት አይችልም። ከተፈታ በኋላም ስሙ በ«ኢ-ኤክስ-ኢ» የሚያልቅ ፋይል ፎቶ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ አይንኩት። ዊንራር ያላችሁ አዲሱን አውርዳችሁ ጫኑ። በፈረንጆች 2023 ክፉ ሰዎች የተጠቀሙበት ቀዳዳ ተገኝቶበት በ6.23 እትሙ ተደፍኗል፤ ፕሮግራሙ ግን ራሱን በራሱ አያድስም።

ወደ ኮምፒዩተር ቤት መውሰድ ካለብዎት፣ ፍላሹን ሰጥተው ከመሄድ ቁጭ ብለው ያስፈቱት። ተፈትቶ ሲያልቅ የቤተሰብዎ ቪዲዮ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ እንዳይቀር አስጠፍተው፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱም አስደፍተው ይነሱ።

የወጣውን ቪዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየዘለሉ ይዩት፦ መጀመሪያው፣ መሐሉ፣ ኬክ የሚቆረስበት፣ መጨረሻው። ከዚያ ሁለት ቦታ ይገልብጡት፣ አንዱ ከቤት ውጭ ቢሆን መልካም ነው። ላኪውን «ተከፍቷል፣ አይተነዋል» የሚሉት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም እሽጉን ማጥፋት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ለማየት ወደ ፍላሽ ሲገለብጡት «ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ ትልቅ ነው» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ፍላሹም 32 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ ግራ አይጋቡ። ፍላሹ «ፋት32» በሚባለው አሮጌ አደረጃጀት የተሰናዳ ስለሆነ ነው፤ ያ አደረጃጀት ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አውጥተው፣ ፍላሹን «ኤክስፋት» በሚባለው ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና መጀመሪያ ማውጣቱን አይዝለሉ። አሮጌ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ነው።